ኢንተርኔት በቤት ሲቋረጥ
ሊኑክስ ባለበት ኮምፒዩተር ጉድለቱን ፈልጎ ስለ ማግኘት



አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔ ግን ዛሬ ልናገር ያሰብሁት በሽታውን ስለ ደበቀ ሰው አይደለም፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያገኘውን መድኃኒት ሁሉ ስለሚጠጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከበሽታው ይልቅ በመድኃኒቱ ይጎዳልና።

በከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ ከውሃና ከመብራት ቀጥሎ ኢንተርኔትን የቤቱ የዕለት ጉዳይ አድርጎታል። ልጆቹ ትምህርታቸውን ይከታተሉበታል፤ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ካሉት ዘመዶች ጋራ ትነጋገርበታለች፤ እርሱም በመሥሪያ ቤቱ ሳይፈጸም የቀረውን ጽሕፈት ማታ ይልክበታል። መሥመሩ በተቋረጠ ቀን ግን በቤቱ ውስጥ የሚነሣውን ሁከት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ገመድ ይነቅላል፤ ሌላው የይለፍ ቃል ይለውጣል፤ ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጉድለት ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ በላዩም ሌሎች ሁለት ጉድለቶች ተጨምረውበት ይገኛሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይኸው ነው።

ኮምፒዩተሩ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት የተጫነበት ከሆነ ደግሞ ፍርዱ አስቀድሞ የተፈረደ ነው። «ሊኑክስ ስለ ሆነ ነው፤ አጥፍታችሁ ሌላ ጫኑበት» ይባላል። በዚህ ምክር ምክንያት የስንት ዓመት ጽሑፍና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በአንድ ቀን ይደመሰሳል። ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይሆን በግድግዳው ላይ በተሰካው ገመድ፥ ወይም ባልተከፈለው የወር ሒሳብ ላይ ይገኛል።

አስቀድሞ ስለ ሊኑክስ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት፥ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ ለራሱ መማሪያ የጀመረውን ሥራ ለሌሎች ገለጠ። ሊኑክስ የተባለው ያ ሥራ በብዙ ሺህ ባለሙያዎች ትብብር አድጎ ዛሬ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልጋዮች የሚሠሩበት ሆኗል። በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክም መሠረቱ ሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 መጀመሪያ የወጣው ኡቡንቱ ለቤት ኮምፒዩተር ከተዘጋጁት የሊኑክስ ዓይነቶች ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ያለ ክፍያ ስለሚገኝና ከሊኑክስ ዓይነቶችም ጥቂቶቹ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚቀሉ ስለ ሆኑ፥ ሊጣል የነበረውን መሣሪያ ለልጆች መማሪያ አድርገው ያስነሡበት ቤቶች አሉ። ስለዚህ ይህን ሥርዓት መናቅ አይገባም፤ ጠባዩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ደብዳቤ ከጸሓፊው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄድ፥ በመጀመሪያ በተላላኪው እጅ፥ ቀጥሎ በመዝገብ ቤት፥ ከዚያም በፖስታ በኩል ያልፋል። ደብዳቤው የጠፋ እንደ ሆነ ብልህ ሰው «የት ደርሶ ነበር?» ብሎ ከቅርቡ ጀምሮ በየደረጃው ይጠይቃል እንጂ ከመጨረሻው አይጀምርም። የኢንተርኔትም መንገድ እንዲሁ ነው። ከኮምፒዩተሩ ወደ ራውተሩ፥ ከራውተሩ ወደ ቴሌው መሥመር፥ ከዚያም ወደ ዓለም ይሄዳል። የእኛም ሥራ መልእክቱ የት ደርሶ እንደ ቀረ ማወቅ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ሁለት ሕግ ጠብቁ፤ አንደኛው፥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ፤ ሁለተኛው፥ ያደረጋችሁትንና ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ የተቋረጠው ለአንዱ ኮምፒዩተር ነው ወይስ ለቤቱ ሁሉ? ይህን ለማወቅ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ አንሥታችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ። ነገር ግን አስቀድማችሁ የስልኩን ሞባይል ዳታ ዝጉ። ይህ ነገር ብዙ ሰው አታሏል፤ ስልኩ በራሱ ካርድ ከውጭ እየተገናኘ «የቤቱ መሥመር ደኅና ነው» ያሰኛልና። ዳታው ተዘግቶ ስልኩም ካልሠራ፥ ኮምፒዩተሩ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ ወደ ራውተሩ ሂዱ።

በራውተሩ ፊት የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች እንደ ሐኪም መሣሪያ የሚናገሩ ናቸው። መሥመራችሁ በፋይበር የሚመጣ ከሆነ፥ «ሎስ» ተብሎ በሦስት የላቲን ፊደል የተጻፈበት መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል፥ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ ታጥፎ ወይም ተነቅሎ እንደ ሆነ በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ጫፉን ግን አትክፈቱት፥ ወደ ውስጡም አትመልከቱ። መሥመራችሁ በስልክ ገመድ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ስልኩ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ እንደ ሆነ አስተውሉ፤ እንዲህ ከሆነ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለየው ትንሽ ማጣሪያ ተበላሽታለች ወይም ከቦታዋ የለችም። ከዚህ ጋራ የወሩ ሒሳብ መከፈሉን አረጋግጡ። በመጨረሻም ራውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩና መልሳችሁ ሰኩ፤ መብራቶቹ እስኪረጉም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ።

ስልኩ እየሠራ ኮምፒዩተሩ ብቻ እንቢ ካለ ግን ጉዳዩ ወደ ሊኑክሱ ተመለሰ። እዚህ ላይ ተርሚናል የሚባለውን መስኮት ክፈቱ። በኡቡንቱ ኮንትሮል፥ አልት እና ቲ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ብትጫኑ ይከፈታል። ጥቁሩን መስኮት አትፍሩት፤ ከኮምፒዩተሩ ጋራ በጽሑፍ የሚነጋገሩበት ቦታ እንጂ ሌላ አይደለም። የምነግራችሁም ትእዛዞች የሚጠይቁና የሚያሳዩ ናቸው፤ ምንም ነገር አይደመስሱም። ፊደሎቹን በትንሹ የላቲን ፊደል ጻፏቸው።

በመጀመሪያ «ኤን፥ ኤም፥ ሲ፥ ኤል፥ አይ» ብላችሁ አምስቱን ፊደል አያይዛችሁ ጻፉና አስገቡ። ሥርዓቱ ያሉትን የመገናኛ መሣሪያዎች ይዘረዝርላችኋል፤ ከእያንዳንዱም አጠገብ ተገናኝቷል፥ አልተገናኘም፥ ወይም ለሥራ አልተገኘም የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የዋይፋዩ መሣሪያ ካለና አልተገናኘም ካለ፥ ከላይ ካለው ምልክት የቤታችሁን ዋይፋይ ስም መርጣችሁ የይለፍ ቃሉን እንደ ገና ስጡት። ለሥራ አልተገኘም ካለ ግን ምናልባት ተዘግቶ ይሆናል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ጎን ትንሽ ማብሪያ አለች፤ በሌሎችም ላይ የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ ሕፃን ልጅ ነክቶት ሊሆን ይችላል። «አር፥ ኤፍ፥ ኬ፥ አይ፥ ኤል፥ ኤል» የምትለው ትእዛዝ መሣሪያው በቁልፍ የተዘጋ ወይም በፕሮግራም የተዘጋ መሆኑን ለይታ ታሳያለች።

በዝርዝሩ ውስጥ የዋይፋይ መሣሪያ ፈጽሞ ያልታየ እንደ ሆነስ? ይህ በሊኑክስ የሚታወቅ ችግር ነው። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች፥ በተለይም ከብሮድኮም ኩባንያ የወጡ አንዳንዶቹ፥ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራማቸው ከሥርዓቱ ጋራ ሳይመጣ ለብቻው መጫን አለበት። ፕሮግራሙ የሚገኘው ግን ከኢንተርኔት ነው፤ ውሃ ለመቅዳት ውሃ እንደ መጠየቅ ያለ ነገር ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋራ አገናኙ፤ ይህ ካልተቻለ አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋራ አያይዛችሁ በስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚባለውን ክፈቱ። ሊኑክስ ብዙውን ጊዜ ይህን ያለ ምንም ጭነት ይቀበለዋል። ከዚያም በኡቡንቱ ውስጥ ተጨማሪ ድራይቨሮችን የሚፈልገውን ፕሮግራም ከፍታችሁ የጎደለውን አስጭኑ።

መሣሪያው ተገናኝቶ ገጽ አልከፍትም ካለ ቀጥሎ የሚጠየቀው አድራሻ ነው። «አይ፥ ፒ» ብላችሁ፥ አንድ ባዶ ስፍራ ትታችሁ «ኤ» ጻፉ። ከሚወጡት ቁጥሮች መካከል በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ፈልጉ። በ127 የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋራ የሚነጋገርበት ስለ ሆነ ተዉት። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ካያችሁ ራውተሩ ለኮምፒዩተራችሁ የቤት ቁጥር ሰጥቶታል ማለት ነውና ወደ ፊት ቀጥሉ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ቁጥር ለምኖ የሚሰጠው ስላጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው፤ በዚህ ቁጥር ወደ ዓለም መውጣት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ዋይፋዩን ዘግታችሁ ክፈቱ፤ እንቢ ካለ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ።

አድራሻው ከተገኘ በኋላ ፒንግ የምትባለው ትእዛዝ ትመጣለች። ይህችን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፋት ማይክ ሙስ የተባለ በአሜሪካ ጦር የምርምር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስሟንም ያወጣላት ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለመፈለግ በውሃ ውስጥ ከሚላከውና ገደል እንደሚመልሰው ድምፅ ከሚመለሰው ምልክት ነው። ሥራዋ «አለህን?» ብሎ መጣራትና «አለሁ» የሚለው መልስ በስንት ሺኛ ሴኮንድ እንደ ተመለሰ መቁጠር ነው።

ጥሪውን ከቅርብ ጀምሩ። «አይ፥ ፒ» ብላችሁ ባዶ ስፍራ ትታችሁ «አር» ብትጽፉ፥ በመጀመሪያው መሥመር የራውተራችሁ ቁጥር ይወጣል፤ በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው። ከዚያም «ፒ፥ አይ፥ ኤን፥ ጂ» ጽፋችሁ ባዶ ስፍራ ትታችሁ ያን ቁጥር ጨምሩ። በሊኑክስ ፒንግ በራሷ ስለማታቆም አሥር ያህል መልስ ካያችሁ በኋላ ኮንትሮልን ይዛችሁ ሲን ተጫኑ። ስንቱ ጥሪ እንደ ተላከና ስንቱ በመቶ እንደ ጠፋ ጠቅልላ ትነግራችኋለች። ራውተሩ አጠገባችሁ ሳለ ከጥሪው ብዙ የሚጠፋ ከሆነ የዋይፋዩ ሞገድ ደካማ ነው፤ በመካከል ያለውን ወፍራም ግድግዳ ወይም የብረት ቁም ሣጥን ተመልከቱ። ባለ 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያቋርጥ ከባለ 2.4 ይልቅ ይደክማል።

ራውተሩ ከመለሰ ጥሪውን ወደ ውጭ ላኩ። በዓለም ሁሉ የታወቁና ለማስታወስ የማይከብዱ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ጎግል ለሕዝብ የከፈተው 8.8.8.8 ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 ክላውድፍሌር የከፈተው 1.1.1.1 ነው። ራውተሩ እየመለሰ ሁለቱም ዝም ካሉ፥ በቤት ያሉት ሌሎች መሣሪያዎችም ካልሠሩ፥ ጉድለቱ ከቤታችሁ ውጭ መሆኑን በማስረጃ አወቃችሁ። ከእንግዲህ ወዲያ ኮምፒዩተሩን መነካካት ሥራ መፍታት ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት መንገር ይገባል።

ቁጥሮቹ እየመለሱ ገጹ ግን የማይከፈት እንደ ሆነ የስም መዝገቡን ተጠራጠሩ። ኮምፒዩተሮች የሚነጋገሩት በቁጥር ነው፤ እኛ ግን የምናስታውሰው ስም ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ የተባለ ሥርዓት ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 አቀደው። የሰውየውን ስልክ ቁጥር የጻፋችሁበት ማስታወሻ ቢጠፋባችሁ፥ ስልካችሁም የሰውየውም ስልክ ደኅና ሳሉ ልትደውሉ አትችሉም፤ ይህም እንደዚያ ነው። ለማረጋገጥ በቁጥሩ ፈንታ የአንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም ሰጥታችሁ ፒንግ አድርጉ። በቁጥር መልስ ሰጥቶ በስም እንቢ ካለ፥ በኔትወርኩ ማስተካከያ ውስጥ አይፒቪ 4 በሚለው ክፍል ዲኤንኤስ የሚለውን በራሱ ከሚወስድበት አውጥታችሁ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ጻፉበትና ግንኙነቱን ዘግታችሁ ክፈቱ። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳያውቁ ግን ለዚህ ሲባል ሥርዓቱ በሙሉ ተደምስሶ እንደ ገና ይጫናል።

አሁን ደግሞ በአገራችን ቤት ስለሚገጥም አንድ ልዩ ጉድለት ልንገራችሁ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም የሆኑ ጎረቤቴ ኮምፒዩተራቸው አንድም ገጽ አልከፍትም አላቸው። ልጃቸው የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው በዚያው ላይ ነበር፤ ሌላ ግልባጭም አልነበራትም። የተጠራው ጠጋኝ «ሁሉም ይጥፋና እንደ ገና ይጫን» ብሎ ዋጋውን ተናገረ። ልጅቱ ግን አልፈቀደችም። በመጨረሻ በየደረጃው ሲታይ ራውተሩ ይመልሳል፤ 8.8.8.8 ይመልሳል፤ ስሙም ይመልሳል፤ ገጹ ብቻ አይከፈትም። «ዲ፥ ኤ፥ ቲ፥ ኢ» የምትለው ቀንን የምታሳይ ትእዛዝ በተጻፈች ጊዜ ምክንያቱ ወጣ። ጎረቤቴ ቀኑ የተሳሳተ መስሏቸው ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን በራሱ የሚያቀናበትን ዘግተው፥ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቈጣጠር 2016 ብለው አስገብተው ነበር። ኮምፒዩተሩም ዘመኑን እንደ ፈረንጆች ቈጥሮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሯል።

አድማጮቼ፤ አስተውሉ። የታመኑ ድረ ገጾች ሁሉ እንደ መታወቂያ ወረቀት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ያለው ማረጋገጫ ይዘው ይቀርባሉ። ኮምፒዩተሩ ዘመኑ 2016 ነው ብሎ ሲያምን፥ እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰጠው ማረጋገጫ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ሆኖ ታየው፤ በሩንም ዘጋ። ገጹ በሚከፈትበት ፕሮግራም ላይ ስለ ሰዓት የሚናገር ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። ቀኑ ተስተካከለ፤ ገጹ ተከፈተ፤ የልጅቱም ድካም ዳነ። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ዘመን ለእርሱ በፈረንጆች አቈጣጠር ተዉለት፤ የእኛን ዘመን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ እናንብብ። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ሆኖ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አልቃለችና በርካሽ ዋጋ አስለውጧት።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፥ የማታውቁትን ትእዛዝ ከማንም ተቀብላችሁ በተርሚናል ላይ አትጻፉ፤ በተለይ «ኤስ፥ ዩ፥ ዲ፥ ኦ» ብሎ የሚጀምረው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚሰጥ፥ ትርጉሙን ሳታውቁ አትፈጽሙት። የማታነቡትን ወረቀት እንደማትፈርሙ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ፥ «አጥፍተን እንጫን» የሚል ሰው ሲመጣ፥ ጉድለቱ የት ደረጃ ላይ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ሊነግራችሁ ካልቻለ አልመረመረም። ሦስተኛ፥ መሥመሩ ደኅና ሳለ ዋና ዋና ጽሑፎቻችሁን በሌላ ዕቃ ላይ ገልብጡ፤ ጠብ ሳይመጣ ዕርቅ አይታሰብም፥ ጉድለት ሳይመጣ ግን ግልባጭ ሊታሰብ ይገባል።

ለድርጅቱም ስትደውሉ «ኢንተርኔት የለም» ብቻ አትበሉ። «ራውተሩ በርቷል፤ ይህ መብራት ቀይ ነው፤ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ አግኝቷል፤ ራውተሩ ይመልሳል፤ 8.8.8.8 ግን አይመልስም» በሉ። በመሥሪያ ቤታችን የተሟላ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ባለጉዳይ እንዴት ቶሎ እንደሚስተናገድ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ እናውቃለን። እኛም ባለጉዳይ በሆንን ጊዜ እንደዚያው እንሁን።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። በአንድ ወረቀት ላይ ገመድ፥ አድራሻ፥ ራውተር፥ ውጭ፥ ስም፥ ቀን ብላችሁ ስድስቱን ቃላት በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉና ከራውተሩ አጠገብ ለጥፉት። መሥመሩ በተቋረጠ ማታ ከልጆቻችሁ ጋራ ሆናችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ልጆቹ ከጉድለቱ መገኘት ይልቅ የሚበልጥ ትምህርት ያገኙበታል፤ ይኸውም ነገርን ሳይመረምሩ አለመፍረድ ነው።